የአባ ሙኒም እፍኝ

«ስንት ሰው ልበል?» አለች ሂክማ።

«አምስት በዪ» አላት ባሏ።

ዘነቡ ይህን የሰማችው ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ በጠባቡ ኮሪደር ስትመለስ ነው። የረመዳን የመጨረሻው ቀን ነበር። ልጇ አብዱልሙኒም ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሟል፤ ምራቷ ሂክማ ደግሞ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ለመስጊዱ ፊጥራ እየከፈለች ነው። ፊጥራ ጾሙ ሲፈታ፣ ከዒድ ሶላት በፊት፣ ለድሃ የሚወጣ የእህል ምጽዋት ነው፤ በቤቱ ላለ ለእያንዳንዱ ነፍስ፣ ትናንት ለተወለደውም ነገ ለሚሞተውም፣ እኩል ልክ ይወጣል። ለሞተ ብቻ አይወጣም። እዚህ አሜሪካ እህል የሚቀበል ስለጠፋ መስጊዱ በነፍስ ወከፍ ዶላር ይሰበስባል። ዘነቡ ባለችበት ቆመችና በልቧ ቆጠረች፤ ሙኒም፣ ሂክማ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እሷ። ልክ ነው ልትል ምንም አልቀራትም ነበር፣ ሂክማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባስ?» ባትል።

«አባባን ነርሲንግ ሆሙ ነው የሚያበላው» አለ ሙኒም። «እኛ ቤት አይቆጠርም። ዘንድሮ እኮ ታክስ ላይም ዲፔንደንት፣ እኔ የማስተዳድረው ብዬ አላስገባሁትም። አምስት በዪና ሰብሚት አድርጊው፣ ልተኛበት።»

ልጁ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ክፉ ልጅ ይረገማል፣ ይለቀስበታል፣ ከዚያም ይተዋል። አብዱልሙኒም ግን ሌሊቱን ሙሉ ዳታ ሴንተር ውስጥ ሲሠራ አድሮ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚተኛ፣ የእናቱን መድኃኒት ራሱ ተሰልፎ የሚያመጣ ሰው ነው። አባቱን ጀማለዲንን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑን ሲያስረውና ምላሱን ሲወስድበት፣ እቤት ሊያኖረው ሞክሮ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተያይዘው ወደቁና አምቡላንስ ተጠራ፤ ከዚያ ወዲያ አላሜዳ ያለ ነርሲንግ ሆም አስገባው። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ባልና ሚስት የኖሩበት አፓርትመንት ተለቀቀ፣ ዘነቡም ሳን ሆዜ ልጇ ቤት ገባች። ሙኒም መጀመሪያ በየሳምንቱ አባቱን ያይ ነበር። ኋላ በየወሩ ሆነ። አሁንማ «ባየሁት ቁጥር ሳምንት ሙሉ ሰው አልሆንም» ይላል። እሷም አትጫነውም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች። የዛሬው ግን ሆድ የሚችለው ዓይነት አልነበረም።

ወጥ ቤት ስትገባ ሙኒም «እማ፣ ደህና አደርሽ» ብሎ ግንባሯን ሳማትና ወደ መኝታው አለፈ። መስማቷን አላወቀም። እሷም አልነገረችው። ከጓዳው ሁለት ከረጢት ስንዴ ጎትታ አወጣች፤ ከየመኖቹ ሱቅ የገዛችው ነው፤ ለአንድ ከረጢት የከፈለችውን ዋጋ አገር ቤት ብትናገር ሰው ይስቅባታል። አንዱን ፈታ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ላይ መገልበጥ ጀመረች።

«እማማ፣ ፊጥራው እኮ ተከፍሏል» አለች ሂክማ።

«ይከፈል። ይሄ የእኛ ልማድ ነው።»

ልማዱ የጀማለዲን ነው። በዶላር ፊጥራ አውጥቶ አያውቅም። ወሎ፣ ወረባቦ ሳለ አባቱ ይለኩበት የነበረውን ልክ ይዞ መጣ፤ ሁለት እጅ ገጥሞ አራት እፍኝ፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ። ኦክላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ሲጠብቅ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል ስንዴ ገዝቶ፣ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ይለካ ነበር። ኢማሙ «ወንድም ጀማለዲን፣ ለድሃ ምግብ የሚያድለው ፉድ ባንክ እኮ ስንዴ አይወስድም» ቢሉት «የታዘዝነው በእፍኝ ነው እንጂ በካርድ አይደለም» ብሎ አስቋቸዋል። ስንዴውን ራሱ ለብቻው ዞሮ፣ በዲቪ አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች ያድለው ነበር፤ እነሱም ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ቆሎ ቆልተው ይጨርሱታል። ዘነቡ «የአንቱ እጅ አካፋ ነው፤ ድሃው ጠግቦ እኛ ልንራብ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። «ያነሰ ነው የሚያስጠይቀው፤ የበዛ ማንንም አልጎዳ» ይላት ነበር እሱም።

ሂክማ ቅዳሜና እሁድ የሰርግና የልደት ኬክ እየሠራች የምትሸጥ ልጅ ናት፤ ከሰው ይልቅ ሚዛኗን ታምናለች ቢባል አልተዋሸባትም። አማቷ ቤቱ ከገባች ወዲህ የዘነቡን የበርበሬ ስኒና የቅቤ ማንኪያ ወደ ግራም ስትለውጥ ነው የከረመችው። «ኩባያ ይዋሻል እማማ» ትላለች። «ዱቄቱን ነፋ አድርገው ቢጨምሩትና ጠቅጠቅ ቢያደርጉት ኩባያው ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ሌላ። አንድ ኩባያ ስኳርና አንድ ኩባያ ዱቄት እንኳ እኩል አይመዝኑም።» ዘነቡ ይህን ስትሰማ እንደ ተረት ነው የምትሰማው፤ ኩባያ እንዴት ይዋሻል? ዛሬ ግን ሂክማ ባዶ ሳህን ጠፍጣፋው ሚዛን ላይ አስቀምጣ ወደ እሷ ስታስጠጋ እምቢ አላለችም። ሁለት እጇን ገጠመች፣ ስንዴው ውስጥ አገባች፣ አነሳች። ጣቶቿን ቁርጥማት አጣሟቸዋል፤ ፍሬው በየክፍተቱ እየሾለከ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሂክማ ስልኳ ላይ ፈልጋ ዑለማዎቹ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ለስንዴ የሰጡትን ክብደት አገኘች፤ ሚዛኑን አየች፤ እንደገና ስልኩን አየች።

«ትንሽ ይጎድላል» አለች።

«ምን ያህል?»

ሂክማ መዋሸት ብትችል ደስ ባላት። «ግማሽ ያህል» አለች ቀስ ብላ። ዘነቡ ሳህኑን ገልብጣ እንደገና ለካች፤ በዚህኛው እጆቿን አጥብቃ፣ አስልታ፣ ትንፋሿን ይዛ። ሚዛኑ ያንኑ አለ። አልዋሸም። ያነሰው እጇ ነው። ወጣት ሳለች ይህ እጅ ከጀማለዲን እጅ ትንሽ ቢያንስ ነው እንጂ ሙሉ እጅ ነበር፤ መቼ እንዲህ እንደ ሟሸሸ ራሷም አላየችውም።

«በሚዛን እንሙላዋ፤ እኔ እለካልዎታለሁ» አለች ሂክማ። ከልቧ ነው ያለችው። ዘነቡም እሺ ብትል ሥራው በአንድ አፍታ ያልቅ ነበር፤ ግን አምስት ሆኖ ነው የሚያልቀው። ስድስት በይ ልትላት ፈልጋ አፏ አልከፈትላት አለ። የገዛ ባልን አስቆጥሩልኝ ብሎ መለመን እንዴት ይሆናል?

«አባ ሙኒም ይለካዋል» አለች በመጨረሻ።

«እማማ፣ እጃቸው እኮ…»

«አንደኛው ደህና ነው።»

ሂክማ የዒድ ኬክ ትእዛዝ አለባት፣ ምድጃው በርቷል፣ ጥላው መውጣት አትችልም። «ሙኒም ሲነቃ ያድርስዎት» ብትል ዘነቡ «ይተኛ፣ ደክሞታል» አለቻትና ስንዴውን ባለ ጎማው የገበያ ጋሪ ላይ ጫነች። ሂክማ የምታስርበት ሲባጎ፣ ለመያዣም ንጹህ ትልልቅ ፌስታሎች ሰጠቻት። ስንት እንደሆኑ ግን ሁለቱም አልቆጠሩም። በሩ ላይ ሂክማ «ሰላም በሉልኝ» አለቻት።

ባርት የሚባለው ባቡር ጣቢያ ድረስ መንገዱ ቀና ነው፤ ያም ሆኖ ጋሪው ይከብዳል፣ ጾሙም ጉሮሮዋን አድርቆታል። ባቡሩ ውስጥ አንድ የሥራ ልብስ የለበሰ ሜክሲካዊ ተነስቶ አስቀመጣት፣ ጋሪውንም በእግሩ ደግፎ ያዘላት። ሚልፒታስ አለፈ፣ ፍሪሞንት አለፈ። መስኮቱ ላይ መጋዘንና የተደረደረ መኪና፣ መጋዘንና የተደረደረ መኪና ብቻ ነው የሚታየው። ዘነቡ ለልጇ የምትናገረውን በልቧ ትሸምን ጀመር። አባትህ አንተ ገና በእቅፍ ሳለህ ነው የለካልህ ልትለው አሰበች። ታመህ ሐኪም ተስፋ በቆረጠብህ ዓመት እንኳ «ነፍሱ አለች» ብሎ የአንተን ከሁሉ አስቀድሞ ለካ ልትለው አሰበች። ከዚያ ደግሞ የልጇ ፊት መጣባት፤ ያ ሌሊት የበላው፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ፊት። ንግግሩን መልሳ ፈታችው። የፈራችው አንድ ነገር ነው። ለሞተ ብቻ ነው የማይለካው፤ ካልለኩለት ከየትኛው ወገን አስቀመጡት ማለት ነው? «አልሞተም እኮ» አለች ጮክ ብላ። ሜክሲካዊው የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ አያት፤ እሷም አፍራ ፈገግ አለችለት። ፍሩትቬል ጣቢያ ስትወርድ ጋሪውን እስከ አሳንሰሩ ጎተተላት። ወደ አላሜዳ የምትሄደው አውቶቡስ ሹፌርም መወጣጫውን አወረደላት። የዚህ አገር ሰው ለባዕድ ክፉ አይደለም።

ነርሲንግ ሆሙ በር ላይ ያገኘቻት ምሥጢር ናት። ምሥጢር ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጣች፣ እዚያ በሽተኛ የምታጥብና የምታበላ ልጅ ናት፤ በቀን ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ ሁልጊዜም እግሯን ያማታል።

«ውይ እማማ ዘነቡ! ዛሬ ምን ጭነው መጡ?»

«ስንዴ ነው ልጄ። ባለቤቴ ይለካዋል።»

ምሥጢር ጋሪውን አየች፣ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። «ሱፐርቫይዘሯ ካየች በእኔ ነው የምትጮኸው» አለች፤ ግን ወዲያው ያልተነካ አዲስ የመታጠቢያ ሳፋ አምጥታ፣ ጋሪውን ራሷ ገፍታ፣ አልጋውን የሚከልለውን መጋረጃ ጥርቅም አድርጋ ሳበችላቸው። «እኔ አላየሁም» ብላ ሄደች።

ክፍሉ የሁለት ሰው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሽማግሌ ቴሌቪዥን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ጀማለዲን ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጺሙን የላጨው ሰው ተቻኩሏል መሰል በአንድ ወገን አስቀርቶለታል። መስኮቱ ፓርኪንግ ላይ ነው የሚያየው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፓርኪንግ ጠብቆ አሁንም ፓርኪንግ ያያል። «ደህና ዋሉ?» አለችው። «አዎ» አለ። ከምላሱ ላይ የተረፈችው ይህች አንድ ቃል ናት። ራበዎት ሲሉት አዎ፣ ጠገቡ ሲሉት አዎ፤ እሺም እምቢም በአዎ ነው፤ ሠራተኞቹ መጠየቁን ከተዉት ቆይተዋል። ዘነቡ ግን ዓይኑን እያየች አዎና አዎን መለየት ታውቅበታለች።

ሳፋውን ጭኑ ላይ አስቀምጣ ስንዴውን ስትገለብጥ ዓይኑ ፈጠጠ። ግራ እጁ ብቻውን ተነስቶ እስከ አንጓው ስንዴው ውስጥ ገባ፣ እዚያም ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ዛሬ መጨረሻው ነው፣ ነገ ዒድ ነው» አለችው። «አዎ» አለ። ይህኛው እውነተኛ አዎ ነው። ግራ እጁን አውጥቶ ዘረጋው፣ ቀኙንም ሊያስከትል ሲታገል አየችው፤ ቀኙ ደረቱ ላይ እንደ ተጨበጠ ቀረ። አንድ እጅ ብቻውን እፍኝ አይሆንም። ዘነቡ ዞራ በሞተው ጎኑ በኩል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የራሷን እጅ በቀኙ ምትክ ከግራው ጋር ገጠመችው። የመጀመሪያው እፍኝ በእሷ ጣቶች መሃል ሾለከ። ጀማለዲን በጉሮሮው ተቆጣ፤ እንደ ድሮው ሙሉ ቁጣ ነው፤ ልቧ በደስታ ዘለለ። እጇን ጠበቅ አደረገች፣ እሱም ዝቅ ብሎ ዘገነና እስኪቆለል ሞላው።

«ይሄ የሙኒም» አለች አራተኛውን እፍኝ ፌስታል ውስጥ ሲጨምሩ።

«አዎ።»

«ይሄ የሂክማ።»

«አዎ።»

የልጅ ልጆቹን የኢክራምንና የዚያድን ለኩ። የእሷን ሲለኩ ከአራቱ በላይ አንድ ጭብጥ ጨመረበት፤ «አረ አድልዎ ነው!» ብላ ሳቀች፤ እሱም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ፌስታሎቹን አልጋው ላይ ከእግሩ አጠገብ ደረደረቻቸው። ከስንት ወር ወዲህ ሥራ የሠራ ሰው መስሏል፤ ግንባሩ ወዝቷል፣ ትንፋሹ ይሰማል። ሌላ ፌስታል ከፈተች።

«ይሄ ደግሞ የአንቱ» አለች።

ጀማለዲን እጁን ከሳፋው አወጣ። ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ብርድ ልብሱ ላይ አራገፈው።

«አባ ሙኒም፣ የአንቱ ቀርቷል እኮ።»

እጁን ይዛ ወደ ስንዴው ብትመልሰው ጨበጠው። «ምነው፣ ዛሬ ሰሰቱ እንዴ?» ብላ ልታስቀው ሞከረች። አልሳቀም። «ነፍስ ላለው ሁሉ ነው ብለው ያስተማሩኝ አንቱ አይደሉም?» አለችው። ሁሉን አዎ የሚለው ሰው አዎ ለማለት እንኳ አፉን አልከፈተም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዘነቡ ይህን ሁሉ መንገድ ጋሪ እየጎተተች የመጣችው ልጇ ከቁጥር ያስቀረውን ሰው ልታስቆጥር ነበር፤ ሰውየው ግን ራሱን ካስቀረ ቆይቷል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

መጋረጃው የተገለጠው እያለቀሰች ነው። አብዱልሙኒም የሥራ ጃኬቱን ደርቦ፣ ፀጉሩ በትራስ እንደ ተጋደመ፣ እያለከለከ ቆሟል። ሂክማ ቀስቅሳ ነግራው ነው። «እማ፣ በጾም አፍሽ ይሄን ሁሉ… ወድቀሽ ቢሆንስ?» ብሎ ጀመረና ሳፋውን ሲያይ አቆመ። አባቱን አየ፣ ፌስታሎቹን አየ።

«ማን ለካው?»

«አባትህ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«በአንድ እጁ፣ በአንድ እጄ።»

ሙኒም በዓይኑ ቆጠረ። «አምስት ነው» አለ፣ ሳያስበው።

«አምስት ነው» አለች ዘነቡ። «ጠዋት አንተ ያልከውን ነው እሱም ያለው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። የሙኒም ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ይቅርታ ሊል ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አላለም። ጃኬቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሁለት እጁን ገጥሞ ስንዴው ውስጥ አገባ። ዘነቡ እጆቹን ስታይ ደነገጠች። የአባቱ እጆች ናቸው፤ ያው አካፋ። በሕይወቱ ለክቶ የማያውቅ ልጅ፣ አንዲት ፍሬ ሳይጥል፣ ቆልሎ አነሳ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጨምሮ ፌስታሉን አባቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ የአባባ ነው» አለ። «አባባ፣ ይሄ የአንተ ነው። እሺ?»

አልሐምዱሊላህ አለች ዘነቡ በልቧ፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ብድግ ሲል ተሰማት። ጀማለዲን ፌስታሉን አየ፣ የልጁን ጎንበስ ያለ ራስ አየ። ግራ እጁን ዘረጋ። ልጁን ሊዳብሰው መስሏቸው ሁለቱም ጠበቁ። እጁ ግን ፌስታሉ ውስጥ ገባና ጭብጥ ሙሉ ዘገነ፤ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያፈስ፣ ከእግሩ አጠገብ ባለው በሙኒም ፌስታል ላይ ጨመረው። ተመልሶ ዘገነ፣ በኢክራም ላይ ጨመረው። እንደገና ዘገነ፣ በዚያድ ላይ።

«አባባ ተው» አለ ሙኒም። «አባባ፣ በአላህ፣ ተው።»

ዘነቡ በሁለት እጇ የባሏን አንጓ ያዘችው። የተረፈው ጉልበት ሁሉ በዚያ እጁ ነበርና ልታስቆመው አልቻለችም።